ከጎንደር ወደ ዳናክል በመኪና መውረድና በሸለቆዎቹ ውስጥ በእግር መሄድ፦ የአሠራር መመሪያ

ከጎንደር ተነሥተው በራሳቸው ወይም በተከራዩት መኪና በአፋር በዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ወደሚገኙት ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራና ወደ ዳሎል ፍል ውሃዎች መውረድ የሚፈልጉ ሰዎች፣ በተለይ ከጥምቀት በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል፦ በየት በኩል ልሂድ፣ ምን ያህል ውሃ ልያዝ፣ ከመኪና ወርጄ በሸለቆዎቹ ውስጥ ለመሄድስ ምን ያስፈልገኛል? መልሱ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ከዝግጅት እስከ መልስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዳሎል ዙሪያ ያለው የጨው ሜዳ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት የደጋ ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ ጥማት፣ በቀን ስለሚሄደው መንገድና ስለ መኪናው ያለው ልምድ እዚያ ሲደርስ ያሳስተዋል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሲያነቡ ይህን ልዩነት ከአእምሮዎ አያርቁት።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ይምረጡ

ጉዞውን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዳሎል በተደረገው ምዝገባ ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ተደምሮ የተገኘው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነበር፤ በሰኔና በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ስለሚያልፍ በእግር መሄድ ቀርቶ ጎማ መቀየር እንኳ ለሕይወት የሚያሰጋ ሥራ ይሆናል።

ከየካቲት ጀምሮ ያለው ጊዜ የሚከለከለው ግን በሙቀቱ ብቻ አይደለም። በጎንደር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው የክረምቱ ዝናብ ስለሆነ የእኛ አገር ሰው የካቲትንና መጋቢትን የደረቅ ወራት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በወሎ ደጋና ወደ አፋር በሚወርደው ተዳፋት ላይ ግን በእነዚህ ወራት የበልግ ዝናብ ይጥላል፤ ያም ዝናብ ተሰብስቦ የሚወርደው በእግር በሚሄዱባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ነው።

መኪና የሚከራዩ ከሆነ ከጥር 8 እስከ ጥር 13 ባሉት ቀናት ከጎንደር ለመነሣት አያቅዱ። በጥምቀት ሰሞን መኪናም አልጋም ስለሚጠፋ የሚደርስዎ ሌላው ሰው ያልፈለገው መኪና ነው፤ እንዲህ ያለ መኪና ደግሞ ለበረሃ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ መንገዱንና ፈቃዱን ያረጋግጡ

ከጎንደር ወደ ዳናክል የሚያደርሱት ዋና አቅጣጫዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በአዲስ ዘመን ወደ ወረታ ወርዶ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወልዲያ ደርሶ፣ ከዚያ በጭፍራ ወደ ሚሌ፣ ሎጊያና ሰመራ ካለፈ በኋላ በሰርዶ ወደ አፍዴራ የሚታጠፈው ነው። ሁለተኛው በደባርቅና በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዶ ተከዜን በመሻገር በሽሬ፣ በአክሱምና በአዲግራት በኩል መቀሌ ከደረሰ በኋላ ወደ ብርሃሌ የሚወርደው ነው። ይህ መመሪያ የመጀመሪያውን የሚከተል ሲሆን የመኪናው፣ የውሃውና የሸለቆው አሠራር ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በሁለቱም አቅጣጫ ያሉት መንገዶች በጸጥታ ምክንያት በድንገት ሊዘጉ ይችላሉ። ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ሳምንትና በመነሻዎ ዋዜማ ሁለት ጊዜ ይጠይቁ፤ የሚጠይቁትም በየዞኑ ያለውን የጸጥታ አካልና በጎንደር መናኸሪያ ከወልዲያ መስመር በዚያው ቀን የገቡ ሾፌሮችን ይሁን። መንገዱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን ያራዝሙት። በማንኛውም ሁኔታ በሌሊት አይንዱ፤ ከጸጥታው ባሻገር በቆላው መንገድ ላይ ግመልና ፍየል በጨለማ ስለሚተኛ የሌሊት መንዳት በራሱ አደጋ ነው።

ሰመራ ሲደርሱ ከአፋር ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የጉዞ ወረቀት ያውጡ፤ የአካባቢውን መንገድ መሪና አጃቢም በዚያው ይነጋገሩ። ዳሎል ለኤርትራ ድንበር ቅርብ ስለሆነ ያለ አጃቢ መግባት አይቻልም። መንገድ መሪው ደግሞ ከአጃቢው የተለየ ጥቅም አለው። በአፋር ባህል ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ይህ ልውውጥ ዳጉ ይባላል። የትኛው ወንዝ እንደወረደ፣ የትኛው የአሸዋ መንገድ እንደተዘጋ፣ የት ውሃ እንዳለ ከማንኛውም ካርታ ቀድሞ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ስለሆነ መሪዎ መኪና አስቁሞ ሲያወራ አያጣድፉት።

ስለ እሳተ ገሞራውም እዚያው ይጠይቁ። ከኤርታሌ ጋር በአንድ ሰንሰለት ላይ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈንድቶ አመዱን ወደ ሰማይ ለቋል፤ ስለዚህ ካለፈው ዓመት መንገደኛ የተሰማ ወሬ ለዘንድሮ አያገለግልም።

ደረጃ 3፦ መኪናውን ያዘጋጁ

በአራቱም ጎማ የሚነዳ (ፎር ዊል) መኪና የግድ ነው፤ በተቻለ መጠንም ሁለት መኪና ሆነው ይሂዱ። ሁለተኛው መኪና ለምቾት የሚያዝ ሳይሆን የመጀመሪያው በአሸዋ ሲያዝ የሚጎትተው፣ ሲበላሽም ሰው የሚያወጣው ብቸኛ ነገር ነው።

ከመነሣትዎ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ጋራዥ ያስገቡትና የሚከተሉትን በፊትዎ ያስፈትሹ፦ ራዲያተሩና ጎማ ቱቦዎቹ እንዳያፈሱ፣ የፋኑ ቺንጋ እንዳልተሰነጠቀ፣ የፍሬን ሸራ እንዳላለቀ፣ ባሌስትራው እንዳልተሰበረ፣ ባትሪው በደንብ መታሰሩን። በጎንደር ብርድ ችግር ያላሳየ የደከመ ራዲያተር በሚሌ ሜዳ ላይ መፍላቱ አይቀርም። ፍተሻው አንድ ሳምንት ቀድሞ የሚደረገው ደግሞ የተቀየረው ዕቃ በከተማ መንገድ ተሞክሮ ጉድለቱ ከጉዞው በፊት እንዲታይ ነው።

መያዝ ያለባቸው ዕቃዎች

ለመኪናው፦
- ሁለት ስኮርታ ጎማ (አንድ አይበቃም፤ ምክንያቱ በደረጃ 6 ተጽፏል)
- ከባድ መኪና የሚያነሣ ክሪክና ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ
- የጎማ መንፊያ፣ የንፋስ መለኪያ ጌጅና የጎማ መለጠፊያ
- አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድና ከጎማ ሥር የሚነጠፍ ጠንካራ ምንጣፍ ወይም ሳንቃ
- ትርፍ ቺንጋ፣ ፊውዝ፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት
- ለራዲያተር ብቻ የተለየ 10 ሊትር ውሃ
- ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ጊዜው ያላለፈ ቦሎ፣ የሁሉም ተጓዥ መታወቂያና የእያንዳንዱ ወረቀት ሁለት ሁለት ቅጂ

ለሰው፦
- በደረጃ 4 ስሌት መሠረት ውሃ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች
- ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የስኳርና የጨው ዱቄት)፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 2 ከረጢት
- ሰፊና ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ነጠላ፣ የፀሐይ መነጽር
- ወፍራም ሶል ያለው ሽፍን ጫማ፣ ዱላ፣ የግንባር ባትሪ
- አጎበር፤ ለሌሊቱም ጋቢ (ኤርታሌ አናት ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ያበርዳል)
- በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቴምር፣ ሽሮ
- የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን

ምግቡ የተመረጠው በሙቀት ስለማይበላሽና በጾም ቀናትም ስለሚበላ ነው። የነቢያት ጾም በጉዞው ወቅት ስለሚውል የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ መዋልን ካሰበ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ግን ለማንም የሚቻል አይደለም።

ደረጃ 4፦ ውሃውንና ነዳጁን አስልተው ይጫኑ

ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 6 ሊትር ለመጠጥ፣ 2 ሊትር ለምግብና ለመታጠብ ይያዙ። በዚህ ላይ የ2 ቀን መጠባበቂያ ይጨምሩ። ለምሳሌ በአንድ መኪና 4 ሰው ካለና ከሎጊያ በኋላ 4 ቀን የሚቆዩ ከሆነ፣ 4 ሰው በ8 ሊትር በ4 ቀን ሲባዛ 128 ሊትር ይሆናል፤ የ2 ቀን መጠባበቂያው 64 ሊትር ስለሆነ ድምሩ 192 ሊትር፣ ማለትም 10 ጀሪካን ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መንገድ መሪውንና አጃቢውን ሳይቆጥር በመቅረቱ ነው፤ እነርሱም ከእርስዎ ጀሪካን ይጠጣሉ።

ውሃውን ሁሉ በአንድ ትልቅ በርሜል አይያዙ፤ አንድ ስንጥቅ ሁሉንም ያሳጣዎታል። የአፍዴራና የአሳሌ ሐይቆች ውሃ ጨው ስለሆነ በካርታ ላይ ውሃ ማየትዎ አያታልልዎ።

ነዳጅን በተመለከተ፣ በአስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ መኪና በአሸዋና በከባድ ማርሽ 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ከአስፋልት ውጭ ያለውን ርቀት በእጥፍ ያስሉት። ታንከሩን በወልዲያ፣ ቀጥሎም በሎጊያ ወይም በሰመራ ይሙሉ፤ ከዚያ ወዲያ ነዳጅ አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ። ማደያዎች በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ሊጠይቁ ስለሚችሉ የጉዞ ወረቀቱን ሲያወጡ ይህንንም ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የነዳጅ ጀሪካን እስከ አፉ አይሙሉት። ነዳጅ በሙቀት ስለሚሰፋ፣ አየሩም ስለሚነፋ፣ ከላይ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ባዶ ይተዉለት። ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ውስጥም በፍጹም አይጫኑት።

ደረጃ 5፦ ቁልቁለቱን በዝግታ ይውረዱ፤ ሰውነትዎንም ያላምዱ

በመጀመሪያው ቀን ከጎንደር እስከ ወልዲያ ይንዱና እዚያ ይደሩ። እስከ ወረታ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀላል ነው፤ ከደብረ ታቦር በኋላ ያለው ተራራማና ኩርባ የበዛበት ስለሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ተዘጋጅተው ሲነጋ ይውጡ።

በሁለተኛው ቀን ከወልዲያ ወደ ጭፍራና ሚሌ ሲወርዱ ፍሬን ረግጠው አይውረዱ። ቁልቁለቱን ለመውጣት ይጠቀሙበት የነበረውን ከባድ ማርሽ ያስገቡና ሞተሩ ይያዘው፤ ውሃና ነዳጅ የጫነ መኪና ያለማቋረጥ በፍሬን ከተያዘ ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል።

ስለ ጎማ ንፋስ ይህን ይወቁ። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር ጌጁ ላይ የሚታየው ንፋስ ወደ 3 ፒኤስአይ (ጌጁ ንፋስን የሚለካበት አሃድ) ገደማ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ሙቀቱ ንፋሱን ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ እየተጣፉ ስለሚሄዱ እኩለ ቀን ላይ በጋለ ጎማ የሚወሰድ ልክ ያሳስታል። ንፋሱን በየቀኑ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለኩ፤ ከጋለ ጎማ ላይ «በዝቷል» ብለው ንፋስ አያስተንፍሱ።

ሰመራ ወይም ሎጊያ አንድ ሙሉ ቀን ያሳልፉ። ይህ ቀን የባከነ ይመስላል እንጂ ከጉዞው ሁሉ አስፈላጊው ነው። ሰውነት ላብን በብዛትና ጨውን በቁጠባ ማውጣት የሚለማመደው በቀናት ውስጥ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ልምምድ ባይሰጥም ጥማትዎንና አቅምዎን ሐኪም ባለበት ቦታ እንዲያውቁት ያደርጋል። ዱብቲ ሆስፒታል ለሰመራ ቅርብ ነው፤ በዚያ ቀን ራስ ምታት ወይም ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ወደ ታች አይውረድ።

ደረጃ 6፦ በአሸዋ፣ በጨውና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ መንዳት

እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው የተለየ አነዳድ ይፈልጋሉ።

አሸዋ ላይ ከመግባትዎ በፊት ንፋሱን ወደ 18 ወይም 20 ፒኤስአይ ያውርዱ። ጎማው ሲለሰልስ መሬት የሚነካው ክፍል ስለሚረዝም ሳይሰምጥ ያልፋል። ፎር ዊሉን ከመያዝዎ በፊት ያስገቡ፤ ከተያዙ በኋላ ማስገባት ትርፉ ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው። መንቀሳቀስ ካቆመ ነዳጅ አይስጡት፤ ወርደው ከአራቱም ጎማ ፊት አሸዋውን በአካፋ ጠርገው ሳንቃውን ያንጥፉ። ወደ ጠንካራ መንገድ ሲመለሱ ደግሞ ሳይረሱ ይንፉት፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ግሎ ይፈነዳል።

በጨው ሜዳ ላይ ከነበረው የጎማ ዱካ ፈጽሞ አይውጡ። ላዩ እንደ አስፋልት የጠነከረ ቢመስልም ከሥሩ ጭቃና ጨዋማ ውሃ አለ። በጨው ሜዳ የሰመጠን መኪና ማውጣት በአሸዋ ከተያዘው እጅግ ይከብዳል፤ የሚረዳ መኪናም ወደ እርስዎ ለመቅረብ አይችልም።

ወደ ኤርታሌ ሲቃረቡ የሚያገኙት ጥቁር ድንጋይ ስለት አለው፤ የሚቆርጠውም የጎማውን ጎን ስለሆነ ጎሚስታ እንኳ ሊለጥፈው አይችልም። ሁለት ስኮርታ ያስፈለገው ለዚህ ነው። እዚህ የጎማው ንፋስ ሙሉ ይሁን፣ ፍጥነቱ ከእግረኛ እርምጃ እምብዛም አይብለጥ፣ አንድ ሰውም ወርዶ ከፊት ድንጋዩን እያሳየ ይምራ።

ሞተሩ መጋል ሲጀምር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ መኪናውን ፊቱን ወደ ነፋስ አዙረው ያቁሙ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይክፈቱ፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊትና ዓይን ያቃጥላል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ደረጃ 7፦ በሸለቆዎቹ ውስጥ በእግር መሄድ

ሰው በእግር የሚሄድባቸው ሸለቆዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከብርሃሌ ወደ ሐመድ ኤላ በሚወርደው አቅጣጫ ያለው፣ አሞሌ የጫኑ ግመሎች ለዘመናት የተመላለሱበት፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ አሸዋና ጠጠር የሆነ የወንዝ ሸለቆ ነው። ሁለተኛው ከዳሎል አጠገብ ዝናብና ጎርፍ የጨውንና የሸክላን ድርብርብ ሸርሽረው የሠሩት የጨው ሸለቆ ነው። የመጀመሪያው አደጋ ውሃ፣ የሁለተኛው አደጋ ግድግዳው ራሱ ነው።

7.1. ሰዓቱን ይወስኑ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት መኪናው ዘንድ ይመለሱ። ከሰዓት በኋላ መሄድ ካስፈለገ ከ10 ሰዓት በፊት አይጀምሩ። በሸለቆው ውስጥ ጥላ ስላለ ቀኑን ሙሉ መሄድ ይቻላል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከላይ ስትቆም ግድግዳዎቹ የጠጡትን ሙቀት ከግራና ከቀኝ ይመልሱታል፤ ነፋስም ስለማይገባ ላብ አይደርቅም፣ ሰውነትም ሊቀዘቅዝ አይችልም።

7.2. ከደጋው ዝናብ ጋር ያገናዝቡ። በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት በመንገድ መሪው አማካይነት ካለፈው ቀን ጀምሮ በደጋው በኩል ዝናብ እንደነበረ ይጠይቁ፤ ወደ ምዕራብ ተመልክተውም በተራሮቹ ላይ ጥቁር ደመና መኖር አለመኖሩን ይዩ። ደራሽ ጎርፍ ከራስዎ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ይመጣል፤ ዝናቡ የወረደው እርስዎ ካሉበት ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነውና። ደመና ካለ አይግቡ።

7.3. መውጫ እየቆጠሩ ይሂዱ። በግድግዳው ላይ የተሰካ ሣርና ቅርንጫፍ፣ በግራር ላይ የተንጠለጠለ ጉድፍ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። በየጥቂት ደቂቃው ከዚያ ምልክት በላይ ለመውጣት የሚቻልበትን ቦታ አይተው ለጓደኞችዎ ያሳዩ። ሸለቆው ጠቦ መውጫ ከጠፋ፣ የጠበበውን ክፍል ሳይቆሙ ይለፉት፤ ፎቶ ለማንሣትም ሆነ ለማረፍ እዚያ አይቀመጡ። ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ቢደፈርስ፣ የጭነት መኪና የሚመስል ድምፅ ከላይ ቢሰማ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ቢመጣ ዕቃዎን ትተው ወደ ላይ ይውጡ። ጎርፉን ቀድሞ ወደ ታች መሮጥ አያድንም።

7.4. ውሃውን ሦስት ቦታ ይክፈሉት። ለአንድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይያዙ። አንድ ሦስተኛው ሲያልቅ የትም ይድረሱ የት ይመለሱ፤ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለሚታመም ሰው ነው። መመለሻው ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ስለሚውል ከመሄጃው የበለጠ ያስጠማል። ጥማት እስኪሰማዎ ሳይጠብቁ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጠጡ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ከሄዱ ውሃውን በኦአርኤስ ወይም በጨዋማ ምግብ ያግዙት። ላብ ጨውን ጭምር ይዞ ስለሚወጣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣት የደምን ጨው አሳንሶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ያመጣል።

7.5. ጫማና እጅዎን ይጠብቁ። ሸበጥ አድርገው አይግቡ፤ የጨው ጠርዝና ጥቁሩ ድንጋይ እግር ይቆርጣሉ፣ ጨው የገባበት ቁስልም ያሠቃያል። ድንጋይ ሲይዙ እጅዎን ወደማያዩት ስንጥቅ አያስገቡ፤ ጊንጥና እባብ ቀኑን የሚያሳልፉት እዚያ ነው። ሌሊት አውልቀው ያሳደሩትን ጫማ ጠዋት አራግፈው ያጥልቁ።

7.6. በጨው ሸለቆው ውስጥ ግድግዳ አይደገፉ፣ ዓምዶቹ ላይም አይውጡ። ጨው በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከላይ የጠነከረ የሚመስለው ዓምድ ከሥሩ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከተንጠለጠለ ጫፍ ሥርም አይቀመጡ።

7.7. በዳሎል ፍል ውሃዎች ዘንድ መሪው በረገጠበት ብቻ ይርገጡ። ቢጫና አረንጓዴ የሆኑት ኩሬዎች አሲድ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከዜሮ በታች ይለካል። በዙሪያቸው ያለው ቅርፊት ስስ ስለሆነ ሰው ሲቆምበት ይሰበራል። በጎድጓዳ ቦታ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ስለሚጠራቀም የሞቱ ወፎችና ነፍሳት ያሉበት ጉድጓድ ዘንድ ጎንበስ አይበሉ፤ ልጅም አያቅርቡ። በኤርታሌም እንዲሁ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ፤ በውሃ የራሰ ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ አቧራን እንጂ ጋዝን አይከላከልም።

7.8. የአካባቢውን ሰው ያክብሩ። የጨው ቆራጮችንም ሆነ የግመል ነጂዎችን ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት በመሪው በኩል ያስፈቅዱ፤ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተጫኑ ግመሎች ሲመጡ ወደ አንድ ጎን ወጥተው ዝም ብለው ይቁሙ። ግመል ከደነገጠ ጭነቱን ያወርዳል፤ ያ ጭነት የአንድ ሰው የብዙ ቀን ድካም ነው። ልብስዎ ገላን የሚሸፍን ይሁን፤ የአልኮል መጠጥ ይዘው አይሂዱ።

ደረጃ 8፦ ሙቀት የጎዳውን ሰው መርዳት

ሁለት ሁኔታዎችን ይለዩ። ሰውየው ብዙ የሚያልበው፣ የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ እግሩን ቁርጠት የሚይዘው ነገር ግን አእምሮው ያልተዛባ ከሆነ ሙቀት አድክሞታል ማለት ነው። ጥላ ሥር ያስተኙት፣ እግሩን ከፍ ያድርጉት፣ ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ከረጢት በጥብጠው ጥቂት በጥቂት ያጠጡት። ኦአርኤስ ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ ሆነው ተሰፍረው፣ ይጨምሩ። በዚያ ቀን ዳግመኛ በእግር አይሂድ።

ንግግሩ ከተምታታ፣ ያለበትን ካላወቀ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጉዳዩ የሙቀት ምት ነውና ደቂቃ አይባክን። ልብሱን አላልተው መላ ሰውነቱን ውሃ ያፍስሱበት፣ ያርግቡበት፣ ነጠላ ነክረው በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ያድርጉ። ለዚህ ውሃ አይሰስቱ፤ መጠባበቂያው የተያዘው ለዚህ ነው። ራሱን የሳተን ሰው በአፉ ምንም አያጠጡ። ማቀዝቀዙን ሳያቋርጡ በመኪና ወደ ቅርቡ ሐኪም ቤት ይውሰዱት፤ በሰመራ በኩል ዱብቲ ሆስፒታል፣ በመቀሌ በኩል ዓይደር ሆስፒታል አለ።

ደረጃ 9፦ መኪናው ቢበላሽ

ከመኪናው አይራቁ። በበረሃ መኪና ከሰው ይልቅ ከሩቅ ይታያል፤ ጥላም ውሃም እዚያ ነው። ሸራ ከጎኑ ወጥረው በጥላው ይቀመጡ፣ ሥራውን ወደ ማታ ያስተላልፉ፣ ከእርስዎ መካከል ማንም «እርዳታ ላምጣ» ብሎ ብቻውን አይውጣ። መልእክት መላክ ካስፈለገ የሚሄደው መንገዱን የሚያውቀው መሪ ነው፣ እርሱም ውሃ ይዞ በሌሊት።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን የሚፈልግዎ ሰው ካለ ብቻ ነው። ጎንደር ለሚቀር ለአንድ ቤተሰብዎ የየቀኑን ማደሪያ፣ የመሪውን ስልክ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና «እስከዚህ ቀን ማታ ካልደወልኩ ለዚህ ሰው ደውል» የሚል ማስታወሻ ጽፈው ይተዉ። ከአፍዴራ ወዲያ ብዙ ቦታ ላይ ኔትወርክ ስለማይኖር የአንድ ቀን ዝምታ ቤተሰብን እንዳያስደነግጥ የሚጠበቀውን ቀን በግልጽ ይወስኑ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

የደረቀ ወንዝ አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ እዚያ ድንኳን መትከል፤ ጎርፍ የሚወርደው በሌሊትም ነው። የሚወርድ ውሃ አይቶ «ጥልቅ አይደለም» ብሎ በመኪና መግባት፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ለፎቶ ሲሉ ከአጃቢው መራቅ። በሙቀቱ ምክንያት እጅጌ ጉርድ መልበስ፤ የተሸፈነ ቆዳ ላቡን ይቆጥባል፣ ከቃጠሎም ይተርፋል። ሁሉንም የጨበጠ ጥብቅ የቀን መርሐ ግብር መያዝ፤ ከእያንዳንዱ ሦስት ቀን ጉዞ በኋላ አንድ ትርፍ ቀን የሌለው ሰው የዘገየውን ለማካካስ በሌሊት ይነዳል፣ በእኩለ ቀንም ሸለቆ ይገባል።

ደረጃ 10፦ መመለስ

ሎጊያ ሲደርሱ የመኪናውን ሥር በብዙ ንጹሕ ውሃ ያሳጥቡ፤ ጨው በፍሬን ቱቦዎች፣ በባሌስትራና በብሎኖች ላይ ከቀረ በሳምንታት ውስጥ ያዝገዋል። ጎንደር ከገቡ በኋላ ጋራዥ ወስደው የአየር ማጣሪያውን ያስጸዱ ወይም ያስቀይሩ፣ ዘይቱን ይለውጡ፣ ብሎኖቹን ያስጠብቁ።

ለራስዎ ደግሞ ትኩሳትን ይጠብቁ። ቆላው የወባ አገር ነው፤ በደጋ የኖረ ሰው ለወባ መቋቋሚያ ስለሌለው ሕመሙ ይበረታበታል። ከመሄድዎ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ፤ ከተመለሱም በኋላ ምልክቱ ከሳምንት እስከ ወራት ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከተሰማዎ ጉንፋን ነው ብለው አይቆዩ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው አፋር ደርሰው መመለስዎንና የተመለሱበትን ቀን ይንገሩ፤ ደምዎንም ያስመርምሩ።